ባዶ ነው የተባለው ሆድ

ኦቹዶ በወጣትነቱ ከጋምቤላ ወደብ ወደ ሱዳን ለሚሄዱት መርከቦች የቡና ጆንያ የተሸከመ፣ መርከቦቹ ከቀሩ በኋላ በባሮ ወንዝ ዓሣ እያጠመደ የኖረ ሰው ነው። መንግሥት የሰፈሩን ቤተ ክርስቲያን ካሸገው ወዲህ ጎረቤቶቹ እሑድ እሑድ በእሱ ጎጆ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩ ነበር። «ኦቹዶ አዎ ካለ አዎ ነው» ይሉታል።

ወደብ የምትባል ውሻ ነበረችው። ከአሮጌው መጋዘን ሥር ዓይኗ ሳይገለጥ አንስቶ ያሳደጋት ነች። አንድ ማለዳ መረቡን ሲስብ አዞ ቢያደባበት፣ ቀድማ አይታ ያስጣለችው በጩኸቷ ነው።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምህረት፣ ሰፋሪዎች በየካሚዮኑ በሚራገፉበት ዘመን፣ ከሆዷ ሥር ማንጎ የሚያህል እባጭ ወጣባት። ለሰፋሪዎቹ በሬዎች ተብላ የተመደበችው ወጣቷ የእንስሳት ሐኪም፣ ዶክተር ከይሪያ፣ እባጩን ዳበሰችና፦

«ጋሽ ኦቹዶ፣ ሐሙስ ጠዋት ቀድጄ አወጣዋለሁ። ከረቡዕ ማታ ጀምሮ ግን እህል እንዳያቀምሷት» አለችው።

ረቡዕ ማታ አላበላትም። ሐሙስ ሲነጋ ግን ወደብ ባዶ ሳህኗን በአፍንጫዋ እየገፋች እግሩ ሥር አመጣችለት። የእናቱ ነገር ትዝ አለው። እናቱ አባቱን ሳታበላ ወደ መርከብ ሰድዳው አታውቅም፤ ወደ ክፉ ነገር የሚሄድ ከቤት በባዶ ሆዱ አይወጣም ትል ነበር። አምባዛ የገባበት የማሽላ ገንፎ አቀረበላት። እስኪያልቅ ቆሞ አያት፤ ደስም አለው።

ከክሊኒኩ ደጅ ኮንግ የሚባል ኑዌር ባለከብት በሬውን ይዞ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ውሻዋ በሰው ትከሻ ላይ ሆና ስትመጣ ሲያይ ሳቁ አመለጠው።

«አንተ ኦቹዶ! ሚስት ነው የተሸከምከው? በሬ ቆሞ ውሻ ይቅደም?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከይሪያ ብቅ ብላ «ከማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም አይደል?» አለች።

ሰው በተራበበት ዓመት ለውሻ ገንፎ ከነዓሣው! ይህን በኮንግ ፊት እንዴት ይናገረው?

«ምንም» አለ ኦቹዶ። «ሆዷ ባዶ ነው።»

ማደንዘዣው ገና እንደያዛት ወደብ አስታወከች። የወጣው መተንፈሻዋን ዘጋው፤ ምላሷ ጠቆረ። ከይሪያ «ያዙልኝ!» ብላ ጮኸች። ኦቹዶ ደርቆ ቀረ። ሮጦ ገብቶ የኋላ እግሮቿን ይዞ ቁልቁል ያንጠለጠላት ያ ሲስቅባት የነበረው ኮንግ ነው። ከይሪያ ጣቶቿን የውሻዋ ጉሮሮ ውስጥ ከትታ ማሽላውንና ዓሣውን አወጣችው። ትንፋሿ ሲመለስ ከይሪያ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ገንፎ አየች፤ ኦቹዶን አየችው። ከዚያ ወደ ኮንግ ዞራ፦

«መድኃኒቱን አብዝቼባት ይሆናል» አለች።

ኦቹዶ ይህንን ሰምቶ ገንፎውን ከጠረጴዛው ላይ በእጁ ጠረገ።

እባጩ ወጣ፤ ቁስሉ ተሰፋ። «ውሃ አያስነኩት፤ እንዳትልሰውም ይጠብቁ» ተባለ። ኦቹዶ አንድ ያለውን ነጭ የእሑድ ሸሚዙን ቀድዶ ሆዷን ጠቀለለላት፤ ዝንብ እያባረረ፣ ሾርባ በጣቱ እያስላሰ ከጎኗ ሰነበተ። ያ የዋሸባት አፉ ስሟን ሲጠራት ጭራዋ መሬቱን መታ መታ ያደርጋል። ይህን መቻል አቃተው። ጅራፍ ቢሆን በቻለው! እሑድ ጸሎት ምራ ሲሉት «ጉሮሮዬን አሞኛል» አለ፤ ይኸው ሁለተኛ ውሸት።

በአሥረኛው ቀን ክር ሊያስወጣ ሄደ። ኮንግም የበሬውን ቁስል ሊያሳጥብ መጥቶ ነበር። «ይህቺ ሐኪም መድኃኒት አትመጥንም፤ ውሻህን ልትገድላት ነበር እኮ» አለው፣ ደጅ የተቀመጠው ሁሉ እየሰማ። ከይሪያ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

«እሷ አይደለችም» አለ ኦቹዶ፤ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «እኔ ነኝ። በዚያን ጠዋት አብልቻታለሁ፤ ዓሣ በገንፎ። ስትጠይቀኝ ዋሸሁ።»

የሳቀ ሰው የለም። ኮንግ እንኳ የበሬውን ገመድ ይጠመዝዝ ጀመር።

«አውቄያለሁ» አለች ከይሪያ ቀስ ብላ። «ግን ጋሽ ኦቹዶ፣ ለምን አልነገሩኝም? በልታለች ቢሉኝ እኮ ነገ ይምጡ እልዎት ነበር።»

ነገ። እውነቱ የሚያስከፍለው ይህቺን አንድ ቀን ብቻ ነበር። ኦቹዶ መሬት መሬቱን እያየ ወደብን ጠረጴዛው ላይ አስተኛት፤ ክሩ ሲመዘዝ ውሻዋ ደንግጣ ፊቷን ከብብቱ ሥር ወሸቀች።