አበልጄ የሰቀለው ሜንጦ

ዛሬ ጠዋት ሉካንዳችን ውስጥ አንድ ሙሉ የበሬ ታፋ ከነሜንጦው ከላይ ወርዶ እግሬ ሥር ዘጭ አለ። በሬው ሁለቴ ሞተ ማለት ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ትንሽ ወደ ሚዛኑ ባልጠጋ ኖሮ ግን አሁን ፎቶዬ ሥር «ነፍስ ይማር» ትጽፉ ነበር።

ቦሌ ሚካኤል ያለችውን ይህችን ቤት በዘጠናዎቹ ስንከፍት፣ ሥጋ የሚሰቀልበትን አግዳሚ የሠራልን አናጺው አበልጄ ነው፤ የትልቁ ልጄ የክርስትና አባት። «ሦስት ጣውላ ደርቤ የሜንጦውን ብሎን በሦስቱም አሳልፌዋለሁ፤ በሬውን ከነነፍሱ ብትሰቅዪው ንቅንቅ አይልም» አለኝ። ከወዲያ በኩል ዳዶው ይታያል። አመንኩት። የአበልጅ ሥራ መሰላል ተወጥቶ ይፈተሻል እንዴ?

ዛሬ መሰላል ወጣሁ። ብሎኑ የያዘው የፊተኛውን ጣውላ ብቻ ነበር፤ እሱም ተሰንጥቆ ተገንጥሏል። ከወዲያ የሚታየው ዳዶ በሙጫ የተለጠፈ ነው። በሙጫ!

ደወልኩለት። «አበልጄ፣ ወደቀ እኮ» ከማለቴ «ከሥሩ ሰው ነበር?» አለኝ። ምኑ ወደቀ ብሎ እንኳ አልጠየቀም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህ ሰው ስንት ዘመን ቁርጥ ሊበላ ሲመጣ «ሙቀት አይስማማኝም» እያለ ከአግዳሚው ርቆ በሩ ጋ ነው የሚቀመጠው። እኔ ደግሞ እያዘንኩለት ነፋሻውን ቦታ አስይዝለት ነበር።

እስቲ እናንተም ንገሩኝ፤ ቤታችሁን የሠራላችሁ ወዳጅ ሲመጣ የት ነው የሚቀመጠው?