ኮርቾቹ እስኪያቆጠቁጡ

ልጅ ሳለሁ እናቴ የምትነግረን ተረት ብዙ ነበር፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ግን አንድ ብቻ ቀረ። ሊሙ ገነት ዳር በነበረው ቤታችን፣ ሲመሽ ፍሙን በገል ይዛ ደጃፍ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ኩራዙ ከግድግዳው ይንጠለጠላል፤ የቡና ገለባው ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው እንሰበሰባለን። ያኔ የአጎቴም ልጆች ይመጡ ነበር። የአባቴ ወንድም አባ ረሺድም ሊወስዳቸው ይመጣና አብሮን ቁጭ ይላል፤ ዓይን አውጣ ነበር።

ያን በጋ፣ ሐዘናችን ሳይወጣ፣ በእሱና በእኛ ቡና መሃል ድንበር ሆነው የተሰለፉትን የኮርች ዛፎች ከሥራቸው ቆርጦ ጉቶዎቹን አፈር አለበሳቸው። ከዚያ የመሬታችንን ግማሽ ወደ እሱ አስገብቶ አዲስ አጥር አጠረ። መንግሥት መሬት ለክቶ የይዞታ ደብተር ሊሰጥ ነው፣ ለሴትም በስሟ ይሰጣል ተብሎ ስለነበር ለኪዎቹን መቅደሙ ነው። እናቴ ሽማግሌዎች ዘንድ ብትሄድ «ሴት ከባሏ ወገን መሬት ምን አላት?» ብለው መለሷት። ድንበሩን የሚያውቀው አንዱ ጎረቤታችንም ፈርቶት፣ ድንበሩ የት እንደነበር አላስታውስም አለ።

እናቴ አልተሟገተችም። «ዱሪ ዱሪ» ብላ፣ ድሮ ድሮ ማለቷ ነው፣ በየምሽቱ ያንኑ ተረት ትጀምራለች፤ ጅብ የአንዲት መበለት ላሞችን በልቶ ቀንዶቻቸውን ቀበረ፣ መበለቷም ሳታለቅስ ዝናብ ጠበቀች።

«ከዚያስ ጅቡ ምን ሆነ?» አላት አጎቴ አንድ ምሽት፣ እየሳቀ።

«ዝናቡ ገና ነው፣ አባ ረሺድ» አለችው። «ኢንሻአላህ ሲመጣ ይሰማሉ።»

ያን ሳቁን ጠላሁት። ኮርች ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ አጎቴ ያውቃል፤ በእኛ አገር ይህን የማያውቅ የለም። የተሳሳተው የመንግሥት ሰው በቀጠሮው ይመጣል ብሎ ማመኑ ላይ ነው። በየካቲት ይመጣሉ የተባሉት ለኪዎች ሜትራቸውን ይዘው የደረሱት በግንቦት ነበር። በመሃሉ ዝናቡ ጥሎ ኮርቾቹ አቆጠቆጡ፤ አጎቴ በቆረጣቸው ቁጥር ይብስ ፈሉ።

ለኪዎቹ ከመንደሩ ሰው ጋር ድንበሩን ሲዞሩ የአጎቴ ትንሿ ልጅ ፋጡማ ቡቃያዎቹን ረድፍ በረድፍ አየቻቸው።

«አባ፣ የላሞቹ ቀንድ በቀለ» አለችው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ያ ጎረቤትም አፈረና «ድንበሩስ ይኸው ነው» አለ። መሬቱ በእናቴ ስም ተጻፈ።

ሽማግሌዎቹ መጡ፤ «የባልሽ ወንድም ነው፣ ይቅር በይው፣ አጥሩን ጎረምሶች ያንሡለት» አሏት።

«የተከለው እጅ ይንቀለው» አለች። «እኔ ቆሜ አያለሁ።»

እስከ ቀትር ነቀለ፤ ጭቃው እስከ ክርኑ ደርሶ ነበር። እናቴ አልተቀመጠችም፣ እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ደስ አለኝ፤ አሁን ስጽፈውም ደስ ይለኛል።

የዚያን ዕለት ማታ አጎቴ አልመጣም። እናቴ ፍሙን ቆስቁሳ፣ ድምጿ እስከ እሱ ቤት እንዲሰማ አድርጋ ተረቱን ጨረሰችው፤ ጅቡን አልገደለችውም። «ደጃፉን በከፈተ ቁጥር ቀንዶቹን እያየ ብዙ ዓመት ኖረ» አለች።

አጎቴም ብዙ ዓመት ኖረ። ዛሬ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ ያንን ተረት ለልጆቼ ስነግር «በኋላ ይቅር አለችው?» ይሉኛል። እናቴ ለእሱ ዕድሜ ትለምንለት እንደነበር ብቻ እነግራቸዋለሁ።