ለሕያው የተነፋ ጥሩንባ

ባለቤቴ ስማቸው ማረፉን የሰማሁት በርበሬ አስጥቼ ሳገላብጥ ነው። የቅሬያችን፣ የዕድራችን ማለቴ ነው፣ ጠሪ ጋሽ በሺር ጥሩንባውን በጋቢው ሸፍኖ በሩ ላይ ቆመ፤ ከኋላው ሽማግሌዎች ነበሩ። ሳይናገሩ ገባኝ። ለሥራ ደሴ እንደወጣ ልቡ ቀጥ ብሎ ነው። ኅዳር 1978 ነበር።

ስማቸው የኮምቦልቻ ማዘጋጃ ቤት ሹም ነበር፤ የሰፈራችን ቅሬ ዳኛም እሱ ነው። ሹም ይባል እንጂ ጫማው ሲቀደድ ራሱ ይሰፋ ነበር። ሰው ዛሬም የሚያመሰግነው ግን በአንድ ነገር ነው።

የጎረቤታችን የዘሀራ ልጅ ኡሙሰልማ የደም ካንሰር ያዛት። ሐኪሙ ሕክምናውን እንድትችለው ደም ያስፈልጋታል አለ። ቤተሰቡ የሚችለውን ሰጠ፤ ሌላው ሰው ደም መስጠት ዕድሜ ያሳጥራል ብሎ ፈራ። ስማቸው ሲያስብ ሰነበተና፣ «ለሞተ የሚወጣ ቅሬ ለታመመ ለምን አይወጣም?» ብሎ ጥሩንባውን አስነፋ።

ሰው ግን የቅሬን ጥሩንባ የሚያውቀው ለሞት ብቻ ነው፤ የታመመችው ልጅ ሞተች አለ። ወንዱ አካፋና ዶማውን ይዞ፣ ሴቱ እያለቀሰ ዘሀራ ደጅ ደረሰ። ኡሙሰልማ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች።

«ወላሂ፣ ትንሽ ብትታገሱኝ ምን ነበር?» አለቻቸው።

ከሁሉ ቀድማ የሳቀችው አልቃሿ ናት። የቀበሌው ሊቀመንበር እየሮጠ መጣ።

«ማነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም፣ ጓድ» አለው ስማቸው።

«ታዲያ ያለ ሬሳ ምን ስብሰባ ነው?»

«ደም ልንሰጥ ነው። እርስዎም ይምጡ።»

አካፋው ዘሀራ ግቢ ተቆልሎ ቀረ፤ ሰዉ በማዘጋጃ ቤቱ መኪና ደሴ ሆስፒታል ወጣ። ስማቸው መጀመሪያ ሰጠ። ሊቀመንበሩም ተራውን ጠበቀ።

ከዚያ ወዲህ የቅሬያችን ሕግ ሆነ። ለሕያው ሲሆን ጥሩንባው ሁለት ጊዜ ይነፋል፤ አካፋ አይያዝም። የደም ካንሰርን የሚያጠና ሐኪም ከአዲስ አበባ በመጣ ጊዜም ስማቸው ለጥናቱ ከማዘጋጃ ቤቱ አንድ ክፍል አስፈቀደለት። ክፍሉን ኖራ የቀባው ራሱ ነው።

ስማቸው ቀብር ላይ ኡሙሰልማ በእግሯ መጣች። «እትዬ ሥርጉት፣ እኔን ሊቀብሩ የመጡት እኮ እሳቸውን ቀበሩ» ብላ እጄን ይዛ አለቀሰች።

ቅሬው ሕጉን አልተወም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለፈው ወር ከደጋን ከተማ ለመጣ በሽተኛ ጥሩንባው ሁለት ጊዜ ተነፋ፤ እኔም ሄጄ ሰጠሁ።

ለሐኪሙ የተሰጠው ክፍል ተጠርጎ ተቀምጧል። ሐኪሙ አመጣዋለሁ ያለው አጉሊ መነጽር ግን እስካሁን አልመጣም፤ ጥናቱም አልተጀመረም።