የሀቢሶ የዘንድሮ ወይን

ዕድሜ ሰጥቶኝ የሀቢሶን የዘንድሮ ወይን ቀመስኩ፣ ጌታ ይመስገን።

ሀቢሶ እዚህ በስደት አገራችን፣ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር፣ ስፓዛ ከሚሏት ትንሽ ሱቁ ጀርባ ወይን ተክሏል። ችግኙን የሸጠለት ሰው ዘሩ ከፈረንሳይ አገር፣ ከቡርጎኝ ነው ብሎታል፤ እኔ የት አውቄ። ድሮ አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ እያለ ጠጪ ነበር አሉ። ጌታን ሲያገኝ ግን መጠጥ በአፌ አይዞርም ብሎ በጉባኤ ፊት ቃል ገባ። ለጌታ እራት ወይናችንን የሚያዘጋጀው ይኸው ሰው ነው። እንዳይቦካ በጨመቀበት ቀን ያፈላዋል። ራሱ አይቀምሰውም፣ ጽዋው በቤተ ክርስቲያን እስኪደርሰው ይጠብቃል።

ዘንድሮ በረዶ ወረደና ፍሬውን አረገፈው። ሌላ ሳይደግመው ብሎ የተረፈውን ቶሎ ለቀመው። እኔና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ማናሴ ልናመጣው ከምንኖርበት ከዱርንፎንቴን በታክሲ ሄድን። ማናሴ ገና ሲቀምሰው ፊቱ ተጨማደደ።

«ወንድም ሀቢሶ! ይሄ እኮ ቦክቷል። ልታሰክረን ነው?»

«አፍልቼዋለሁ፣ ሽማግሌ። እውነቴን ነው።»

«ታዲያ ምን እንዲህ አኮመጠጠው?»

እኔም ቀመስኩ፤ ይኮመጥጣል። ግን የቦካ ወይን ምን ምን እንደሚል በምን አውቃለሁ? ስኳር የበዛበት የሱቅ ጁስ የለመድን ሰዎች ነን። የሚያውቀው ሀቢሶ ብቻ፣ እሱ ደግሞ አይቀምስ። «ወደ ድሮው ተመለሰ ሊሉኝ ነው» አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

በዚህ መሀል ጎረቤቱ ኖምሳ ዳቦ ልትገዛ ገባች። ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያቴ፣ የሚላት አሮጊት ናት፤ ለሠርግ ለለቅሶ የማሽላ ቢራ ትጠምቃለች።

«እሷን እንጠይቃት» አልኩ።

«ጠማቂ ትመስክር ነው የሚሉት፣ እማማ በለጥሽ?» አለኝ ማናሴ።

«ታዲያ አንተ ታውቃለህ?»

ጎጎ አሸተተች፣ ጠጣች፣ ደገመች። ከዚያ በሳቅ ፈረሰች። «ሃይ ቦ! ኧረ በዚህ ማን ይሰክራል? ፍሬው ሳይበስል ነው የለቀምከው፣ ልጄ። ለልጅ ልጆቼ ስጠኝ።»

ሀቢሶ ቃል በቃል ተረጎመልን። ማናሴ «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» አለና ጠርሙሶቹን ራሱ ተሸከመ።

እሑድ ምእመኑ ሁሉ ፊቱን እያኮማተረ ጠጣ። ሀቢሶ አጠገቤ ነበር። ጽዋው ሲደርሰው ዓይኑን ጨፍኖ ጨለጠና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እማማ፣ ማናሴስ አይፈረድበትም።»

በዚያ ጸጥታ ሳቄን በነጠላዬ አፍኜ ጌታን አመሰገንኩ።