የማክሰኞው ትምህርት ቤት

ከሁሉ አስቀድሞ ይኼ ይያዝልኝ፤ እህቴ ቤት ሙሉ ሰው እያየ አፌን አስጉመጠመጠችኝ። እሷ ራሷ ማክሰኞ ማክሰኞ ቁጭ ብላ የምትበላውን ምግብ «ሐራም ነው» ብላ፣ እቃ ማጠቢያው ላይ አጎንብሼ እንድታጠብ አደረገችኝ። እህቴ ናት፣ ከሷ በላይ የማከብረው ሰው የለም። ጥፋት ግን ጥፋት ነው፤ እህት ስላደረገችው አይቀልም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የልጅ ልጄ ያመጣችው ነጭ የምግብ ሳጥን ነው። ስትከፍተው መጀመሪያ እንፋሎቱ ወጣ፤ ቀጥሎ የተጠበሰው ሽንኩርት ሸተተኝ፤ ከሥሩ ደግሞ ያ የዓሣ መረቅ፣ ጨው ጨው የሚለው፣ ስኳርና ሎሚ ያለበት። በውስጡ የቬትናሞቹ የሩዝ ጥቅል፣ ነጭና ለስላሳ፣ ተደርድሮ ተኝቷል። ልጅቷ «ግራንድማ፣ ሽሪምፕ ነው፣ አሳማ የለበትም፣ ኢትስ ኦኬ» አለችኝ። ኦኬ መሆኑንማ እናቷ ሳትወለድ በፊት አውቄዋለሁ።

ወደዚህ አገር ስመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እህቴ በብዙ ትበልጠኛለች፤ እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ «እታለም» እላታለሁ። እኔን እየሰማ ሰዉ ሁሉ «እታለም» አላት፤ በዕድሜ የሚበልጧት ወንዶች እንኳ።

ሬኒየር ቢች በሚባል ሰፈር ባለሁለት ክፍል አፓርታማ ነበራት። ነበራት እላለሁ እንጂ ቤቱ የሁሉም ነበር። ከሱዳን የመጣው፣ ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ከባሏ የተጣላችው፣ ሁሉም ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያርፍ የሷን ስልክ ቁጥር ይዞ ነው። በሩ ሥር የጫማ ክምር፣ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ በፍራሽ ላይ። መታጠቢያ ቤት ለመግባት ተራ ይያዛል። አንድ ጊዜ አልጋዋን ለአራስ ሰጥታ ከእኔ ጋር ምንጣፍ ላይ ከርማለች። «እታለም፣ ማሞቂያው እምቢ አለ።» «እታለም፣ ልጁን አተኮሰው።» «እታለም፣ ነገ ሥራ እገባለሁ፣ ባሱ የቱ ነው?» እሷም ሥራ ውላ የመጣች ሰው ናት፤ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ። «እሺ፣ እሺ» ትላለች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ።

ዴይ ኦፏ፣ የዕረፍት ቀኗ፣ ማክሰኞ ነበር። ያን ቀን ግን ቤት አትውልም። ሻርፗን አሳምራ፣ ደብተር በቦርሳዋ ከታ፣ «ትምህርት ቤት ነኝ» ብላ ትወጣለች። እንግሊዝኛ ትማራለች ተባለ፤ ሁላችንም ኮራንባት። ያን ሁሉ ጊዜ ተምራ እንግሊዝኛዋ ከ«ኖ ፕሮብሌም» ፈቅ አላለም። ጭንቅላቷ አልቀበል ብሏት ነው እያልን እናዝንላት ነበር።

እኔ የገባሁት ሌላ ሆቴል፣ ሎንደሪው፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ነው። አብራኝ አንዲት የቬትናም ሴት ትሠራለች። አንሶላ ስናጥፍ እሷ በአንድ ጫፍ እኔ በአንድ ጫፍ፣ መሃል ላይ ተገናኝተን እንሳሳቃለን። ቋንቋ የለንም፤ እጅ ነበረን። አንድ አርብ ከሥራ ስንወጣ እጄን ይዛ ባስ ላይ አሳፈረችኝና ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር፣ አንድ የቬትናም ምግብ ቤት ወሰደችኝ።

ቤቱ ጠባብ ነው፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይበላል። መስኮቱ በእንፋሎት ታፍኖ ከውጭ ምንም አያሳይም። የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ አንዲት ሴትዮ፣ በሩ አጠገብ ትልቅ ድስት ፊት ቆማለች። በድስቱ አፍ ላይ ነጭ ጨርቅ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ከሥሩ ውኃ ይንተከተካል። የሩዙን ሊጥ በጭልፋ ጨርቁ ላይ ታፈሳለች፣ በጭልፋው ጀርባ አዙራ ታሰፋዋለች፣ ትከድነዋለች። ስትከፍተው እንደ ነጠላ ስስ ሆኗል። በቀጭን የቀርከሃ ዘንግ ከመሃሉ ታነሳውና ሳይቀደድ፣ ሳይጨማደድ ሰሌዳዋ ላይ ታነጥፈዋለች። ቀኑን ሙሉ ከአንሶላ ጋር ስታገል ውዬ እንደዚያ ያለ አነጣጠፍ አላየሁም። እንጉዳይ ጣል አድርጋ ጠቀለለችው።

ሳልጠይቅ አልበላሁም። ባልደረባዬ አፍንጫዋን በጣቷ ወደ ላይ ገፋ አድርጋ እንደ አሳማ አንኮራፋችና ባለቤቷን «ይኼን እንዳታደርጊ» በሚል እጅ ከለከለቻት። ባለቤቷ ሳቀች። ለብቻው የተቀመጠ የእንጉዳይና የሽሪምፕ ጎድጓዳ ሳህን አሳየችኝ፤ ሻርፔን በጣቷ አመልክታ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» እንደማለት ራሷን ነቀነቀች። ከየት አወቀች ብዬ አላሰብኩም። በላሁ። ከመጣሁ ጀምሮ ማንም ሳይጠራኝ፣ ተነሺልኝ ሳይለኝ የበላሁት የመጀመሪያው ምግብ ነበር።

ታዲያ ብቻዬን በልቼ መግባት አላስቻለኝም፤ ለእህቴ አንድ ሳጥን አስጠቀለልኩ። ባሱ ውስጥ ጭኔን እያሞቀኝ መጣ። ቤት ስደርስ ሰዉ ሁሉ ሳሎን ተቀምጧል። «እታለም፣ ዋይት ሴንተር ምን የመሰለ ቤት አገኘሁ መሰለሽ!» ብዬ ክዳኑን ከፈትኩላት።

ፊቷ እንዴት እንደተለዋወጠ አሁንም ይታየኛል።

«ሐራም ነው!» አለች። «የአሳማ ቤት ነው! ማን ውሰጅኝ አለሽ?»

«እንጉዳይ ነው፣ እታለም። ጠይቄያለሁ።»

«አፍሽን ተጉመጥመጪ። አሁኑኑ! ዳግመኛ እዚያ ቤት ብትገቢ ለአባባ በካሴት ነው የምልክለት።» ያኔ ለአገር ቤት ድምፃችንን በካሴት ቀድተን እንልክ ነበር። ወደ ሰዎቹ ዞረችና «እናንተም ስሙ! ማንም እዚያ እንዳይደርስ» አለች። ሳጥኑን ሳትነካው በላስቲክ ከረጢት ጠቅልላ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ተጉመጠመጥኩ። ከኋላዬ አንዱ «ልጅ ናት፣ ይተዉአት እታለም» አለ። ልጅ ናት መባሉ ከሁሉም ባሰ።

ቃሏን አክብሬ ወራት ቆየሁ። ባልደረባዬ ስትጋብዘኝ እያመመኝ እምቢ እላለሁ።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ በጊዜ ተለቀቅን። ባልደረባዬ ምሳዋን ገዝታ እስክትወጣ ከውጭ ልጠብቃት እዚያው ምግብ ቤት ድረስ አብሬያት ሄድኩ፤ ውጭ መቆም አልተከለከለም። ካፊያ ነበር። የሚወጣ ሰው በሩን ሲከፍተው እንፋሎቱ ገለል አለና እስከ ጥግ ድረስ አየሁ። ከድስቱ ጀርባ ግድግዳውን የተጠጋች ትንሽ ጠረጴዛ አለች፤ ወንበሯ አንድ ብቻ ነው። እዚያ ላይ እህቴ ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃለች። ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። ሁለቱን የመመገቢያ እንጨቶች የያዘችበት አያያዝ የአንድ ቀን ልምድ አልነበረም። ባለቤቷ ሳትጠየቅ ሁለተኛ ሳህን አስቀመጠችላት።

እኔ ተመልሶ የሚሄድ እግር የለኝም። ገባሁና ፊቷ ቆምኩ።

«እታለም! ትምህርት ቤቱ ይኼ ነው?»

ቀና ብላ አየችኝ። አልደነገጠችም። «በሩን ዝጊው» አለች፣ «ብርድ ገባ።»

ባስ ላይ «በሰው ፊት ያዋረድሽኝን በሰው ፊት መልሺልኝ» አልኳት። «አልመልስም» አለች። «እሺ፣ ለምን እንደሆነ ንገሪኝ።» መስኮት መስኮቱን አየች። ለማንም አልተናገርኩባትም፤ ማሳበቅ የእኔ ሥራ አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ቤት መዋል ጀመረች። ሰዎቹ «እታለም፣ ትምህርቱስ?» ሲሏት «ጨረስኩ» አለች፤ እንኳን ደስ ያለዎት አሏት።

እኔ አልተውኳትም። ዒድ በመጣ ቁጥር፣ ልጆቻችን ተድረው፣ ጉልበታችን ከድቶን፣ «ለምን ነበር?» እላታለሁ። «አንቺ ዛሬም እዚያው ነሽ?» ትላለች። አዎ፣ እዚያው ነኝ።

እንግዲህ ያ ሳጥን ሲከፈት፣ የልጅ ልጄን «ተነሺ፣ መኪናሽን አስነሺ» አልኳት። እህቴን ከቤቷ አወጣናት፤ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ዋይት ሴንተር ያ ቤት ዛሬም አለ፤ ድስቱ ፊት የምትቆመው የባለቤቷ ልጅ ናት፣ አቋቋሟ እናቷን ነው። የልጅ ልጄ መኪናዋን እስክታቆም እኔና እህቴ ገባን። ባዶ ጠረጴዛ ነበር። እህቴ አልተቀመጠችም። ጥጉ ጋ አንድ ጎረምሳ ይበላ ነበር፤ እሱ ጨርሶ እስኪነሳ በምርኩዟ ተደግፋ ቆመች። «እዚያ ነው የምቀመጠው» አለች። እኔና የልጅ ልጄ ከሌላ ጠረጴዛ ወንበር እየጎተትን አጠገቧ ተጣበን ተቀመጥን።

ሳህኑ መጣ። እንጨቶቹን አነሳች፣ ጥቅሉ ሾለከባት፣ መልሳ አስቀመጠቻቸው። የልጅ ልጄ ሹካ ሰጠቻት። አንድ ጎረሰች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«እታለም» አልኳት፣ «ለምን ነበር?»

ቀስ ብላ አኝካ ዋጠች።

«አልጋዬን ለሰው ሰጠሁ፣ ደስ እያለኝ። ስልኬን፣ እንቅልፌን ሰጠሁ። እዚህ ግን ማንም ስሜን አያውቅም ነበር። ሳህኔን አስቀምጣልኝ ትሄዳለች። ጫማዬን አወልቃለሁ። አንቺ ካወቅሽ በሳምንቱ ቤቱ ሁሉ ተከትሎሽ ይመጣል፤ እታለም፣ እታለም ሊለኝ። ከሐራም በቀር ያን ሁሉ ሰው የሚያስቆም ቃል አላገኘሁም።» ሹካዋን አስቀመጠች። «ያን ቀን ሳጥኑን ይዘሽ በበሩ ስትገቢ፣ ያየሁት ምግቡን አልነበረም። ይቺን ወንበር ተሸክመሽብኝ የመጣሽ ነው የመሰለኝ።»