የኔታ የዳኑባቸው ቀናት

ጠዋት 12፡30፣ ሰቆጣ መናኸሪያ

ወደ አምደወርቅ የምንሄደው አንድ ታማሚ ለመመዝገብ ነው። አብራኝ ያለችው ዶክተር መልቲፕል ስክለሮሲስን ታጠናለች፤ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ነርቮቹን ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ አገሩን ስለማውቅ ትምህርት በተዘጋበት ሳምንት ጠያቂ አደረገችኝ። ጥናቱ በብዙ አገሮች ስለሚካሄድ ጥያቄዎቹ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ካልሆኑ የአንዱን ታማሚ ታሪክ ከሌላው ማስተያየት አይቻልም።

«መምህር፣ እንደተጻፈው አንብብ። ማብራራት የለም!» አለችኝ። ለእኔ ይህ ጾም ነው።

ሚኒባሱ በገደሉ አፋፍ በተጠማዘዘ ቁጥር ከተራራው ጀርባ ሌላ ተራራ፣ ከዚያም ሌላ ብቅ ይላል። ለአንዴ እንኳ የማብራራው አጣሁ።

5፡00፣ አምደወርቅ

የኔታ ሀብቴ የዜማ መምህር ናቸው። ቀኝ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው መደቡ ላይ ቦታ ለቀቁልን። ባለቤታቸው እማማ ታደለች ዳቦና ነጭ ማር አቀረቡ።

«እንዲህ ያለ ሕመም ስንት ጊዜ ያዝዎት?» ብዬ አነበብኩ።

«አንድ ጊዜ። ይኸው ይሄ እግር።»

ዶክተሯ ቅር አላት። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ እየሄደ፣ ሌላ የሰውነት ክፍል ይዞ የሚመለስ ነው፤ አንዴ ብቻ ከሆነ ጥናቱ ለኤም አር አይ ምርመራ ወደ ባሕር ዳር ከሚልካቸው ውስጥ አይገቡም።

እማማ ታደለች ሳቁ። «የፍልሰታውን ዓይንስ ለማን ሊተዉት ነው? እጅዎን ይዤ የመራሁዎ እኔ አይደለሁ?»

«እሱማ በጠበል ዳነ! እግዜር የማረኝን መልሼ ልቁጠርበት? አንቺ ሴትዮ፣ ምስጋና ቢስ ልታደርጊኝ ነው?»

ላብራራ አፌን ከፈትኩ። ዶክተሯ አየችኝ፤ ዘጋሁት። ቀጣዩን ጥያቄ አነበብኩ፦ «የዳኑበት ቀን ካለ ይንገሩን።»

የኔታ ቀና አሉ። «መዳኑም ይጻፋል?»

«ይጻፋል፣ የኔታ። የራሱ ቦታ አለው» አለች ዶክተሯ።

«ታዲያ እንዲያ አትሉም!»

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው! ዓይናቸው የጨለመው ዘመነ ማርቆስ ሊያልቅ ሲል፣ ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን፤ የበራው በመስቀል ዋዜማ። እጃቸው የደነዘዘው የነቢያት ጾም በገባ በሳምንቱ፤ የለቀቃቸው በጥምቀት ማግስት። በዓሉን ወደ ቀን እየለወጥኩ ስሞላ፣ ባዶ የነበረው ገጽ የአንድ ሰው ዕድሜ ሆነ።

«የሆስፒታል ካርድ እንኳ እንዲህ ቀን አይዝም» አለች ዶክተሯ በሹክሹክታ።

11፡00፣ ሰቆጣ

ኢንተርኔት እንዳገኘን መዝገቡ ተላከ። ስማቸው አልሄደም፤ ቁጥርና ቀናት ብቻ። ያንኑ ጥያቄ በሌላ ቋንቋ ከመለሱ፣ አይተዋቸው ከማያውቋቸው ሰዎች ጎን የኔታ መሰለፋቸው ደነቀኝ። ሕመምን ብቻ የሚጠይቅ ሰው ታሪኩን በግማሽ ይዞ እንደሚመለስም ተማርኩ።

ሕመሙ ተመላላሽ ሆኖ ስለተገኘ ሰኞ ለኤም አር አይ ባሕር ዳር እንደሚጠበቁ ልንነግራቸው ደወልን። የኔታ ግን አስቀድመው የጠየቁት ሌላ ነው፤ «የእግሬስ? መዳኑን የምትጽፉበት ቦታ ተትቶለታል?»

ዶክተሯ ታብሌቷን ከፍታ አየች።

«ክፍት ነው፣ የኔታ።»