ጋሽ ይማምን ኩንታል ያሸከምኩት እኔ ነኝ

ይህን ለሚስቴም አልነገርኩ። ለቃዲም ለሼህም አልተነፈስኩ። ክርስቲያኑ ጎረቤቴ የነፍስ አባቱ ዘንድ ሄዶ ቀለል ብሎት ሲመለስ ሳየው እቀናለሁ፤ እኔ እንዲያ ያለ ሰው የለኝም። ስለዚህ አንተ የምታነበው ስማኝ። እንድታዝንልኝ አይደለም። ብታዝንልኝማ ወላሂ እናደድብሃለሁ።

በደርግ ጊዜ ኮምቦልቻ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። የመጋዘኑ ጫኝና አውራጆች የመንግሥት ጡረታ አይመለከታቸውም፤ ስለዚህ ከቀን ሒሳባቸው እያዋጡ የእርጅና መረዳጃ አቋቋሙ። ወገቡ ያለቀ አባል በጉባኤ ፊት ይቀርባል፤ ጉባኤው ካመነ እስኪሞት ድረስ በየወሩ ይጦራል። እኔ የተማርኩ ነኝ ብለው ባለአደራ አደረጉኝ። ደንቡን ያረቀቅኩትም እኔው ነኝ። ባለአደራ ሳያስፈቅድ ገንዘቡን አበድሮ ቢጎድል ከገዛ ንብረቱ ይተካል፤ መጉደሉንም ሳይውል ሳያድር ለአባላቱ ይናገራል። ይህን ሳነብላቸው እንዴት አጨበጨቡልኝ!

እኔ ግን አበደርኩ። ማንንም ሳላስፈቅድ አበደርኩ። አንድ የእህል ነጋዴ ከትርፉ ላካፍልህ አለኝ፤ ምራቄን ዋጥ አድርጌ ሰጠሁት። እህሉ ኬላ ላይ ተወረሰ፣ ሰውየውም በአሰብ በኩል እብስ አለ። ያን ጊዜ ደሴ፣ ሆጤ ያለችውን ቤቴን ሸጬ መተካት ነበረብኝ። ግዴታዬን አላውቅም ነበር ልበል? የጻፍኩት እኔ! ቤቴን ወደድኩና ዝም አልኩ። የቀረችው ገንዘብ ቀድመው ጡረታ ለወጡት እንኳ የምትበቃ አልነበረችም፤ ሌላ ጡረታ ጠያቂ እንዳይመጣ ብቻ ዱዓ አደርግ ነበር።

ጋሽ ይማም መጡ። መረዳጃውን እናቋቁም ብለው መጀመሪያ የተነሱት፣ እኔንም ባለአደራ ይሁን ብለው የጠቆሙት እሳቸው ናቸው። «በቃኝ ልጄ፣ ወገቤ አልታዘዝ አለኝ። ደጋን ከተማ ልጄ ዘንድ ገብቼ ልረፍ» አሉኝ።

ገንዘቡ ጎድሏል ማለት እችል ነበር። ምላሴን ማን ያዘው? እኔ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። ጋሽ ይማም በጉልበታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ፤ ይማም አቃተው ከሚባሉ ሞታቸውን ይመርጣሉ። ይህን አውቅ ነበር። ስለማውቅም ነው ያደረግኩት።

ጉባኤው መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰበ። ተነሳሁና አንቱታዬን ሆን ብዬ ጥዬ፣ «ይማም እንኳን ኩንታል ጋቢውም ከብዶታል! አሮጊት ሆኗል፣ እንጡረው እንጂ ጓዶች!» አልኩ። ጎረምሶቹ ሳቁ። እንዲስቁ ብዬ ነው ያልኩት፤ ሳቁልኝ።

ጋሽ ይማም ፊታቸው ጠቆረ። ጋቢያቸውን ወረወሩና «ጫኑኝ!» አሉ።

ኩንታል ጫኑባቸው። ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ የአንገታቸው ሥር ተገትሮ፣ ከበሩ እስከ ሚዛኑ ወሰዱት። «ማሻአላህ!» እያለ መጋዘኑ በጭብጨባ ተናጋ። ኩንታሉን ጥለው ወደ እኔ ዞሩና እንደ ልጅ ፈገግ አሉልኝ። እኔም በዘመኑ ወግ ግራ እጄን ጨብጬ አነሳሁና «ይህ ሰው ይጦር?» ብዬ ጠየቅኩ። «ኧረ ገና ነው!» አሉ በአንድ ድምፅ። ፈገግታቸው ከፊታቸው ሳይጠፋ ፈረድንባቸው። ፈረድኩባቸው።

ተሸከሙ። ክረምቱን ሙሉ ሲሸከሙ በመስኮት አያቸው ነበር፤ ሻይ እየጠጣሁ አያቸው ነበር። መስከረም ላይ መኪና ሲጭኑ ጉልበታቸው ከዳቸውና ኩንታሉ ወገባቸው ላይ ወደቀ። ልጃቸው ወደ ደጋን ወሰደቻቸው። ከዚያ ወዲያ አልቆሙም።

ሊሞቱ ሲሉ አስጠሩኝ። አወቁብኝ ብዬ እየተርበተበትኩ ሄድኩ። እጄን ያዙ። «ልጄ፣ ያን ቀን ጉልበት እያለኝ የሰው ሐቅ ልበላ ነበር። ቀና ብዬ የተሸከምኩ ጊዜ ነው ለራሴም የገባኝ። አንተ ባትይዘኝ ኖሮ አላህ ፊት ምን እል ነበር? አፉ በለኝ፤ ይቅር በለኝ።»

አየህ? ሰው ሲሞት እሱ የበደለውን ሰው ጠርቶ አፉ በለኝ ይላል። እሳቸው ግን የበደላቸውን፣ እኔን ጠሩ። አንዲት ቃል ብቻ ነበረችብኝ፤ እርስዎ አፉ ይበሉኝ ማለት። ልጃቸው እያለቀሰች ታየኛለች።

«አፉ ብያለሁ፣ ጋሽ ይማም» አልኩ።

እፎይ አሉ። ልጅቷ ጉልበቴን ሳመች። እኔም እግሬን አልሰበሰብኩም። ያቺን ሌሊት ሞቱ።

የሰው ሐቅ ባለሐቁ ካልተወው አላህም አይተወውም፤ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ባለሐቁ እጄን ይዞ ነበር። ሆጤ ያለችው ቤት ዛሬም የእኔ ናት፣ ይህን የምጽፈውም እሷው ውስጥ ተቀምጬ ነው። አንተን አፉ በለኝ አልልህም። ኩንታሉን የተሸከምከው አንተ አይደለህም።